ያልቆጠርኳት ጳጉሜን

ነሐሴ 21፣ 2017፣ ረቡዕ

የአልትራሳውንድ ባለሙያው ወሬኛ ነበር። ስገባ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎፈር ሜዳ ሰፈር ጭቃ፣ ስለ ባጃጅ ነጂዎች ጥጋብ ያወራልኝ ነበር። የልጄ ልብ ሲመታም አሳየኝ፤ «ይኸው፣ እንደ ፈረስ ይጋልባል» አለ። ከዚያ መሣሪያውን ወደ ጭንቅላቱ ወሰደና ዝም አለ። ተመለሰበት። እንደገና ተመለሰበት። ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረው።

«ዓርብ ሆስፒታል ሂጂና ስፔሻሊስቷ ትይሽ» አለኝ። ወረቀቱን ጽፎ በፖስታ አሸገው። አሥር ዓመት አስተምሬያለሁ። ለልጅ የታሸገ ፖስታ የሚሰጠው ልጁ ራሱ እንዳያነበው ነው።

ቤት ስደርስ አማቴ በር ላይ ቆመዋል። «መጣህ?» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም፣ ላሟንም፣ ጎረቤቷንም በወንድ ነው የሚጠሩት።

«መጣሁ፣ እማ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ነሐሴ 22

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህ አልነበረም። የፊተኞቹ ገጾች ላይ ያለው የሰኔ ማቅለሽለሽ ነው፣ ኪሎዬ ነው፣ ያማረኝ ነገር ነው። ሲያድግ ላሳየው ብዬ ነበር።

ዛሬ ሳገላብጠው አንድ ነገር ታዘብኩ። የአማቴ ስም አንድም ቦታ የለም። ከጊምቢቹ እኔን ሊያግዙ ከመጡ ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ ስለ እሳቸው በየቀኑ ጽፌያለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጻፍኩም። እናቴ አንጋጫ እያለች የአማቶቿን ስም አትጠራም ነበር። ስማቸውን ብቻ አይደለም፤ እንደ ስማቸው የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትሸሸው ነበር። ባሊሻ ነው፣ የከምባታ ሴት ለአማቶቿ የምትሰጠው ክብር። አንዱን ቃል ከጎረቤት ቋንቋ ትበደራለች፣ አንዱን ራሷ ትፈጥራለች። እኔ እስቅባት ነበር፤ «እማዬ፣ ይሄ የተማረ ሰው ነገር አይደለም» እላት ነበር። ይኸው የተማርኩት ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ «እማ» እያልኩ በአንድ ስም ዙሪያ እዞራለሁ። በገዛ ደብተሬ እንኳ።

ነሐሴ 23፣ ዓርብ

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከእኔ ሳታንስ አትቀርም። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ታጥባ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች፤ ያኔ ነው ያወቅኩት።

«የራስ ቅሉ አልተሠራም። አንጎሉም አላደገም።»

«ልቡ ግን ይመታል።»

«ይመታል። አንቺ ውስጥ እስካለ ይመታል። ሲወለድ ግን ሰዓታት ነው የሚኖረው፤ ቢበዛ አንድ ሁለት ቀን። መድኃኒት የለውም፣ ሮዳስ። ባለው ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

«እኔ ያደረግኩት ነገር ነው?»

«አይደለም» አለች። ቶሎ ነው ያለችው። ከመጸነስ በፊት ስለሚጀመረው የፎሊክ ኪኒን ግን ጠየቀችኝና በሦስተኛው ወር እንደ ጀመርኩ ስነግራት ጻፈችው። ስድስት ዓመት ያልመጣ ልጅ ነገ ይመጣል ብሎ ማን ኪኒን ይውጣል? አውቃለሁ፣ መዋጥ ነበረብኝ። ክፍል ውስጥ ለልጆቹ ቅድመ ዝግጅት፣ ቅድመ ዝግጅት ስል እውላለሁ።

መሸከም ብፈልግ እንደምትከታተለኝ ነገረችኝ። «ማቋረጥ ከፈለግሽም ለእንዲህ ዓይነቱ ሕጉ ይፈቅዳል። የማንም ፊርማ አያስፈልግሽም፤ የባለቤትሽም ጭምር። ዛሬ ልክ አሥራ ስምንት ሳምንትሽ ነው። ሃያ ሳይሞላ ከመጣሽ እዚሁ እኛ እንሠራዋለን፤ ካለፈ ሐዋሳ ልንልክሽ ነው። የምንሠራው ማክሰኞና ዓርብ ነው።» ሲስተር ትርፊት የምትባለው ነርስ በር ላይ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ስልኳ ነው። «ቀን ለማስያዝ ደውይልኝ። ሌላ ምንም ማለት የለብሽም» አለችኝ።

ማቋረጥ። በየዓመቱ የክፍሌን ስም ዝርዝር ሳጠናቅቅ ያንን ቃል በቀይ እስክሪብቶ እጽፋለሁ። «ያቋረጠ።» «ያቋረጠች።» ሌላውን ቃል፣ ሰፈርና ቤተ ክርስቲያን የሚሉትን፣ እዚህ አልጽፈውም።

ሁለት ሳምንት ማለት አሥራ አራት ቀን ነው። 23 ሲደመር 14፣ 37። 37 ሲቀነስ 30፣ 7። እስከ መስከረም 7 ጊዜ አለኝ። 

ለባሌ ለሶፎንያስ ደወልኩለት። ገጠር፣ ሀቢቾ ነው ያለው፤ የግብርና ባለሙያ ስለሆነ ሳምንቱን እዚያ ይውላል፣ ዓርብ ዓርብ ይመጣል። ዛሬ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል። ሁሉንም ነገርኩት። እኔና ባሌ የጋራችን ቋንቋ አማርኛ ነው፤ እሱ የሚያለቅሰው በሀዲይሳ፣ እኔ በከምባቲሳ ነው። ዛሬ ስልኩ ላይ አማርኛው ለሁለታችንም ጠፋብን።

በመጨረሻ «ስንት ጊዜ አለን?» አለኝ።

«ሁለት ሳምንት። እስከ መስከረም 7።»

«እስከዚያ እጾማለሁ» አለ።

ትንሽ ቆይቶ የአማቴ ስልክ ጠራ። ጓዳ ገብተው በሀዲይሳ ረጅም አወሩ። ከግማሹ በላይ አልገባኝም። ስለ መንገዱ ነው መሰለኝ።

ነሐሴ 25፣ እሑድ

መቅረት ነበረብኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ብርቅዬ፣ የሴቶች ጸሎት መሪያችን፣ ከሩቅ እጇን ዘርግታ መጥታ ሆዴን ዳበሰችው። «የምስክርነቱ ልጅ እንዴት አደረ?» አለች።

ሐምሌ ላይ ነው የመሰከርኩት። ማይክ ይዤ፣ ስድስት ዓመት የተዘጋውን ማኅፀኔን ጌታ ከፈተው ብዬ። ሰዉ እልል ብሎ ቆመ። መካን እያሉ በጀርባዬ ያወሩብኝ ሁሉ መጥተው አቀፉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በእግዚአብሔር ብቻ ሳይሆን በነሱም ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያቺን ደስታ ነው አሁን የማስታውሳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ከኋላዬ አንዷ፣ «ሦስት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላት እኮ ነው ማይክ የያዘችው» ስትል ሰማሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የኔው ዛሬ ምንም አላመለጠውም።

«ደህና አደረ» አልኳት ብርቅዬን።

ነሐሴ 27

ምዝገባ። ሰልፍ፣ ዝናብ፣ እርጥብ ዶሴ። ባለፈው ዓመት ያቋረጠች ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ልጅቷ ጫማዋን እያየች «ቲቸር፣ አቋርጬ ነበር፤ ልመለስ ነው» አለችኝ።

መዘገብኳት። ሽንት ቤት ሄጄ አለቀስኩ።

የነርሷን ቁጥር ደወልኩ። አንዴ ሳይጠራ ዘጋሁት። ጊዜ አለኝ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

አማቴ ተቀይመውኛል።

ከመጡ ጀምሮ ለኔ አራስነት ቅቤ ያጠራቅሙ ነበር። ጊምቢቹ ያለው የሴቶች የቅቤ ማኅበራቸው ተራ ሲደርሳቸው በሰው ያስመጡታል፤ እንስራውን ከአልጋዬ ሥር ነው ያስቀመጡት። ከቡላ ጋር የአራስ ምግቡን አተካና ሠርተው ሊያበሉኝ። በየገበያው ቀን ክዳኑን ከፍተው ያሸቱትና «ሊሞላ ነው» ይሉኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አልከፈቱትም። ዛሬ ተራቸው ደርሶ የተላከውን ቅቤ ለጎረቤት ሲሰጡ አየሁ። ለዘመን መለወጫችን ለያሆዴ የሚበቃ አለን አሉ።

ስለ ልጁም መጠየቅ ትተዋል። «ደህና ነው?» የለም። ማታ ዕቃ ላጥብ ስነሣ ከእጄ ተቀበሉኝና ሆዴን እያዩ «ደክሟል። ይረፍ። በቃው» አሉኝ።

በወንድ ነው የተናገሩት እንደ ልማዳቸው። ስንፍናዬን በጨዋ አነጋገር መንገራቸው ነው። ገብቼ ተኛሁ። ግድግዳው ማዶ ሲጸልዩ ሰማኋቸው፤ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠሩት። ምን ብለው እንደሚከሱኝ አላወቅኩም።

ነሐሴ 30፣ ዓርብ

ሶፎንያስ መጣ። ከስቷል። ራት አልበላም። አማቴ ሲተኙ አጠገቤ ተቀመጠና «እግዚአብሔር የጀመረውን ይጨርሳል» አለኝ።

«አልተጀመረም እኮ ሶፊ። የራስ ቅሉ—»

«አትበይው።»

«ዶክተሯ ያለችውን ነው።»

«አውቃለሁ። አንቺ ግን አትበይው፤ ካልተባለ አይሆንም።» ከዚያ በቀስታ፣ «እስከ መስከረም 7 ነው ያልሽኝ አይደል? እስከዚያ ብቻ ጠብቂኝ። ከዚያ የፈለግሽውን» አለ።

ተቆጣሁ። ኋላ ግን የተኛሁ መስሎት እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ ከልጁ ጋር በሀዲይሳ ሲያወራ ዓይኔን አልገለጥኩም። ለሱ ስንት ሳምንት ነው የተሰጠው? ለሱ ማንም ቁጥር አልሰጠውም። የያዘው እኔ የሰጠሁትን ቁጥር ነው።

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ተንቀሳቀሰ።

ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። መጀመሪያ ሆዴ መሰለኝ። እንደገና። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ለማንም አልነገርኩም። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ልጄ። ገና እስከ መስከረም 7 ጊዜ አለን።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

ሶፎንያስ ከአምልኮ በኋላ ወደ ሀቢቾ ተመለሰ። ከሸኘሁት በኋላ አማቴ ወንበር ሳቡና ፊቴ ተቀመጡ። እጄን ያዙ። እጄን ይዘውኝ አያውቁም።

«መቼ ነው የምትሄድ?» አሉኝ።

«የት፣ እማ?»

«ሆስፒታል። ሐኪም ሁለት ገበያ ብሏል። ሁለት ገበያ አለፈ። ሦስተኛው አይደርስም።»

ያ የዓርቡ ስልክ ስለ መንገዱ አልነበረም። ልጃቸው ያኔውኑ ነግሯቸዋል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር፤ እንስራው ሳይከፈት፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ። ሊያሳፍሩኝ ሳይሆን እንዳይነኩኝ ፈርተው ነው።

«ገና ነው» አልኳቸው። «ቆጥሬዋለሁ። እስከ መስከረም 7 ነው።»

ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ። ፊደል አልቆጠሩም። ቀና ብለው አዩኝና «ጳጉሜንስ?» አሉ። «ጳጉሜን የት ሄደ?»

አምስት ቀን። ሃያ ሳምንት የሚሞላው መስከረም 2 ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ማክሰኞ አንድ ብቻ ነው፤ ከነገ ወዲያ።

ተሳስቼ ነው። ደክሞኝ ነው። ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ሠላሳ ሠላሳ ስንቆጥር ስለኖርን ጳጉሜን ትረሳለች። እኔ ግን ለስድስተኛ ክፍል በየዓመቱ የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ አሥራ ሦስተኛዋን ወር ለረሳ ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው። ትናንት ደግሞ በገዛ እጄ «ጳጉሜን 1» ብዬ ጽፌ ከሥሩ መስከረም 7 ብያለሁ። ተሳስቼ ነው።

አማቴ ቆጣ አላሉም። በሚችሉት አማርኛ ነገሩኝ። ከሶፎንያስ በኋላ አንድ ወልደው ነበር። ዘጠኝ ወር ተሸክመውታል። «ራሱ ክፍት ነበር» አሉ። ሴቶቹ ፊቱን ሸፍነው ወሰዱት፤ እርግማን ነው ተባለ። ከጠዋት እስከ ከብት መግቢያ ኖረ። ስም አላወጡለትም፤ የሚጠይቅ አልነበረም። «በማግሥቱ ወተት መጣ» አሉና ደረታቸውን ነኩ። «ብዙ ወተት። የሚጠባ የለም።» ከዚያ ሆዴን አዩና ያንኑ ደገሙት፤ «ደክሟል። ይረፍ።»

ስለ እኔ አልነበረም። ያኔም ስለ እኔ አልነበረም።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

ጠዋት ለሶፎንያስ ደወልኩ። ስለ ጳጉሜን ነገርኩት። ተሳስቼ ነው አልኩት።

«ጾሜ አልሞላም» አለ።

«ሳምንቱ ይሞላል።»

ከኋላው ዝናብ ይሰማል። «አንቺን አልከለክልም፣ ሮዳስ። እዚያ መቆም ግን አልችልም። በራፉ ላይ እንኳ አልችልም።» እሺ አልኩት። አልተቀየምኩም ብዬ ልጽፍ ነበር። ተቀይሜያለሁ። ያዘንኩለትን ያህል ተቀይሜያለሁ፣ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።

ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ትርፊት ጋ ደወልኩ። በዚህ ጊዜ አልዘጋሁትም።

«ሄሎ?»

«ሄሎ፣ ሲስተር። ቀጠሮ… ቀን ለማስያዝ ነበር።»

«እሺ የኔ እህት። ለምንድን ነው? እዚህ ለክትትልም ለሌላም ነው የሚደወለው።»

ሌላ ምንም ማለት የለብሽም ብላኝ ነበር። ረስታኝ ይሆናል፤ በቀን ስንት ሰው ታያለች። አፌን ከፈትኩ። የዶክተሯ ቃል አልወጣ አለኝ፣ የሰፈሩም ቃል አልወጣ አለኝ። ዙሪያውን ዞርኩት። «ሐኪሟ ያለችኝ… ያ ነገር… ዓርብ ለት…» እናቴ እንኳ ለአማቷ ስም ምትክ ታገኝ ነበር። እኔ ምትክም አጣሁለት።

አማቴ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት። እኒህ ሴት ያረጁት እንደ እናቴ በቃል ዙሪያ ሲዞሩ ነው፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት የሆናቸውን የአማታቸውን ስም ዛሬም አይጠሩም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚጣሩ ያህል ጮኸው፣

«ልጄ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው አይኖርም። ሐኪም ብሏል። ሊያስወርድ ነው። ቀን ስጠው» አሉ።

ቃሉ ቤቱ ውስጥ ተባለ። ጣሪያው አልወደቀም። ሲስተር ትርፊት በወንድ መባሉ ግራ ሳያጋባት አልቀረም፤ ግን አልሳቀችም። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ባዶ ሆድ አትምጣ፤ ቅያሪ ልብስና አንድ አስታማሚ ይዛ ትምጣ» አለቻቸው።

«አስታማሚ እኔ ነኝ» አሉ።

ስልኩን ሲመልሱልኝ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። በከምባቲሳ ነው ያለቀስኩት። በሀዲይሳ መለሱልኝ።

ጳጉሜን 4፣ ማክሰኞ

አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። ከፊቴ ሦስት ሰው አለ። ጽሑፌ የተንጋደደው ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ስለምጽፍ ነው።

ካርዱ ላይ «19 ሳምንት ከ4 ቀን» ይላል። ትክክል ነው። ሠራሁት።

ጠዋት ስንወጣ አማቴ የቅቤውን እንስራ ከአልጋው ሥር ጎትተው ክዳኑን ከፈቱት፤ አሸቱትና መልሰው ከደኑት። «ማታ ስንመለስ» አሉኝ። «አራስ ነህ።» በባጃጁ ውስጥ ሌላ አልተነጋገርንም።

መዝጋቢዋ ቅጹን ስትሞላ፣ «የአስታማሚ ስም?» አለችኝ።

«እናቴ ናቸው።»

«ስማቸውን ነው።»

አጠገቤ ቆመዋል። ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ እንደ ትናንቱ። አልተናገሩም። ዞር ስል በዓይናቸው ያዙኝ። የከምባታ ሴት የአማቷን ዓይን እንዲህ አታይም።

«ጥራ» አሉኝ። «ዛሬ ጥራው።»

«ገነቴ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። «ገነቴ» ስል ደገምኩት፣ መዝጋቢዋ አልሰማችኝ መስሎኝ። ሰምታለች፤ ጽፋዋለች። ገነቴ። እዚህም ጻፍኩት።

አሁን ጎኔ ተቀምጠዋል፣ ቅያሪ ልብሴን አቅፈው። ቅድም ጠጋ አሉና በጣም በቀስታ፣ «እሱስ? ስም አለው?» ብለው ጠየቁኝ። በዚህ ጊዜ ስለማን እንደሆነ አልጠፋኝም።

አለው። ከሐምሌ ጀምሮ አለው፤ ከመመስከሬም በፊት። ለሶፎንያስ እንኳ አልነገርኩትም። ጆሯቸው ላይ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በከንፈራቸው ሞከሩት፣ ድምፅ ሳያወጡ።

ተራዬ ደረሰ፤ እየጠሩኝ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እንደሱ የሚጀምረውንም ቃል ከዛሬ ወዲያ አልጠራም። በዙሪያው እሄዳለሁ።